በአዳራሹ የሚያልፈው ጋሪ

እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ከመንደሩ ምንጭ ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ ቤት አንድ ጣሪያ፣ አንድ ትልቅ በርና ሁለት ባለቤት ነበረው። የግድግዳው ውፍረት ከአንድ ክንድ ተኩል ይበልጣል። መስኮቶቹ ከውጭ ሰፍተው ወደ ውስጥ እየጠበቡ ስለሚሄዱ ከመንገድ ለሚያያቸው ሰው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው የሚያስቡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ከመንገዱ ከላዩ ጎባጣ የድንጋይ ቅስት ወዳለው በር የሚያወጣ አጭር የድንጋይ ዳገት አለ። በሩ ሲታለፍ አዳራሹ ነው፤ አዳራሹ ሲታለፍ፣ በዚያው ጣሪያ ስር፣ የድርቆሹ ቤት። ከድርቆሹ ቤት በታች በረቱ አለ። ከበስተኋላ ገደል ስለሆነ ለድርቆሽ ሌላ መግቢያ የለም። ስለዚህ በየሐምሌው የተጫነ ጋሪ ከነፈረሱ በቤቱ መሃል ያልፋል። ከሸለቋችን ውጭ የመጣ እንግዳ ይህን ሲያይ ይስቃል፤ እኛ ደግሞ በእሱ መሳቅ እንስቃለን።

ቤቱን የሠሩት መንደሩን ከፈጀው ትልቅ ቃጠሎ በኋላ ድንጋይ ለመቆጠብ የተስማሙ ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው። አንደኛው አዳራሹንና ምድጃ ያለበትን ክፍል ያዘ። ሁለተኛው ፎቁን፣ በረቱንና የድርቆሹን ቤት ያዘ። ያን ቀን የተባባሉት ወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ግን በቃሉ ይወጣዋል፦ «ድርቆሹ ያልፋል እንጂ አይራገፍም። አዳራሹ ላይ የተራገፈ ቀን በሩ ይዘጋል።»

ፎቁ ዛሬ የያኸንና የልጁ የብራይዳ ነው። አዳራሹ የሲኞራ ኦቲሊያና የልጃቸው የሊናርድ ነው። የሊናርድ አያት ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ ትሪየስቴ ወርደው ኬክ ቤት ከከፈቱ ወዲህ ያ ቤተሰብ የሚመጣው በበጋ ብቻ ነው፤ እንደነሱ ያሉትን የበጋ ወፎች እንላቸዋለን። በረዶ ከመጣሉ በፊት ይሄዳሉ፣ ምድጃቸውም ስድስት ወር ሙሉ ቀዝቅዞ ይከርማል።

ከዚያ ምድጃ በላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ ሙቀቱ ወደ ፎቁ መኝታ ቤት እንዲወጣ የተተወ ቀዳዳ አለ። መኝታ ቤቱ የብራይዳ ነው። ከሁለት በጋ በፊት ከቀዳዳው ስር አንድ ድምፅ «ላይ ያለሽው፣ ጫማሽ ከባድ ነው» አላት።

«ታች ያለኸው፣ ጆሮህ ረጅም ነው» ብላ መለሰች።

እንዲህ ተጀመረ። በበጋ በቀዳዳው ተነጋገሩ፤ በክረምት ተጻጻፉ። ዘንድሮ በመጋቢት ግን ሊናርድ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ከእንግዲህ አልጽፍልሽም። የቀረኝን በአፌ ነው የምነግርሽ።» ብራይዳ ደብዳቤውን ቆማም ተቀምጣም አነበበችው። ሚያዝያ ዝም አለ፣ ግንቦትም ዝም። በግንቦት መጨረሻ የመጣው እሱ ሳይሆን የእሱን ንድፍ የያዘ ግንበኛ ነበር። ግንበኛው አዳራሹን ከጥግ እስከ ጥግ በለሰለሰ ግራጫ ድንጋይ አነጠፈው። መንደሩ ሲኞራ ሳሎን ሊያደርጉት ነው አለ፤ ለሊናርድም የትሪየስቴ እንጨት ነጋዴ ልጅ ታጭታለታለች አለ።

ማክሰኞ ማታ እናትና ልጅ መጡ። በድርቆሽ ወራት ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። ሊናርድ ከሠረገላው ሲወርድ ቀና ብሎ ወደ ፎቁ መስኮት አየ። ብራይዳ ከመስኮቱ ዞር አለች። ልቧ ግን እዚያው መስኮቱ ላይ ቀረ።

*

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ከምዕራቡ ተራራ ጫፍ ጥቁር ደመና ተነሳ። ለመድረቅ የቀረበ ድርቆሽ አንድ ዝናብ ከመታው ላም አትቀምሰውም። ያኸን ጋሪው ላይ ቆሞ ይጭናል፤ ብራይዳ በመንሽ ታቀብላለች፤ መንደሩ ሁሉ አክስት የሚላት ጎረቤታቸው ኡርሽላ ከኋላ የወዳደቀውን ትለቅማለች። የአክስት ኡርሽላ አፍ ከእጇ ይበልጥ ይሠራል።

«ያኸን፣ ዝቅ አድርገው። ደመናውን ልትነካው ነው።»

«ዘንጉ አለልኝ።»

ጭነቱ እንዳይበተን ከላዩ ረጅም ግንድ ይጋደምና ከፊትና ከኋላ በገመድ ይወጠራል። ከመሬት እስከ ግንዱ ያለው ከፍታ ከዘንጉ ካልበለጠ ጋሪው ከቅስቱ ስር ሁለት ጣት አትርፎ ያልፋል። ዘንጉን የቆረጡት የያኸን አያት ናቸው። በእኛ ዘንድ በር የሚለካ ሰው የለም፤ የሚለካው ጋሪ ነው።

ያኸን ለካ፤ ልክ ሆነ። ገመዱን እየወጠረ ሳለ ሊናርድ በከተማ ጫማው ሜዳውን አቋርጦ መጣ።

«አጎት ያኸን፣ ልርዳችሁ?»

ያኸን ከላይ ሆኖ አየው። «ይሄ ድርቆሽ ነው ልጄ። ስኳር አይነሰነስበትም።»

አክስት ኡርሽላ ሳቀች። ብራይዳ አልሳቀችም።

«ብራይዳ፣ የምነግርሽ ነገር አለ» አለ ሊናርድ።

«ጻፈው።»

«አልጽፍም ብዬሽ ነበር።»

«ቃልህን ጠባቂ ነህ፤ አይቻለሁ።»

እጆቿን አየ፤ ፊቷን ለማየት ግን ጊዜ ወሰደበት። ከከተማ ያመጣውን ንግግር ሜዳው ላይ የጣለው ይመስል ዙሪያውን ቃኘ። «ወለሉን አየሽው?» አላት በመጨረሻ።

ሊጠይቃት ከሚችለው ሁሉ ይህ ከፋባት። «አገር ያየውን ነው የምትጠይቀኝ? ያምራል። ለሙሽራህ ይስማማታል።»

ሊናርድ ቀላ። «አዎ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለሙሽራዬ ነው ያሠራሁት።» ሌላ ሊጨምር ሲል ያኸን ከላይ «መንገድ ልቀቅ፣ ሰማዩ አይጠብቀንም!» ብሎ ጮኸ።

ብራይዳ ሜዳ ላይ የቀረውን ድርቆሽ ለመከመር መንሹን ሰካችበት። ስታነሳው ክብደቱ አልተሰማትም፤ ከውስጧ የከበደው በልጦባት ነበር።

*

ጥቁሯ ባዝራ ሞራ መንገዱን ታውቀዋለች። ብራይዳ ልጓሟን ይዛ ከፊት፣ ያኸንና አክስት ኡርሽላ ከኋላ ሆነው ዳገቱን ወጡ። ሞራ አዳራሹ ውስጥ ስትገባ ኮቴዋ በለስላሳው ድንጋይ ላይ ተንሸራተተ። የፊት መንኮራኩሮቹ የአዲሱን ወለል ጠርዝ ነክተው ቆሙ።

«ሂጂ በያት!» አለ ያኸን።

ሞራ ሳበች። መንኮራኩሮቹ ወለሉ ላይ ወጡ። ወዲያው ከላይ ድንጋይ እንጨት ሲነክስ ተሰማ፤ ጋሪው ቀጥ አለ። በሩን ድርቆሽ ሞላውና አዳራሹ ጨለመ።

«ምን ተፈጠረ?» የያኸን ድምፅ በድርቆሹ ውስጥ ታፍኖ መጣ።

«ግንዱ ቅስቱ ስር ተቀርቅሯል!»

«አይሆንም! ለክቼዋለሁ!»

«ሁለቴ ነገርኩት!» አለች አክስት ኡርሽላ።

«አንዴ ነው የነገርሽኝ!»

«ወደ ኋላ እንመልሰው አባባ?»

«ዳገት ላይ? ጭነቱ ይዞኝ ወንዝ ይገባል! ድንጋይ አስደግፌበታለሁ፣ አትነቅንቁት!»

ብራይዳ ጎንበስ ብላ ከመንኮራኩሩ አጠገብ የወለሉን ጠርዝ በእጇ ለካችው። ከሌባ ጣቷ እስከ ትንሿ ጣቷ፣ አራት ጣት። ቅስቱ ግን ድሮ የነበረበት ነው። አባቷ አልተሳሳተም። መሬቱ ነው ከፍ ያለው።

የምድጃው ክፍል በር ተከፈተ። ሲኞራ ኦቲሊያ ፋኖስ ይዘው ወጡ፤ ከኋላቸው ሊናርድ። ሲኞራ ባዝራዋን፣ ጋሪውን፣ የተደፈነውን በር ተራ በተራ አዩ። ክፉ ሴት አልነበሩም። ባላቸውን ትሪየስቴ ቀብረዋል፤ የቀራቸው አንድ ልጅና አንድ ሱቅ ነው፤ ሁለቱ እንዳይለያዩባቸው ይፈራሉ።

«ገመዱን ፍቱት» አሉ በለሆሳስ። «ዝናብ መጣ። ላሞቹ ምን አደረጉ?»

ገመዱ ከተፈታ ግማሹ ጭነት አዳራሹ ላይ እንደሚፈስ ያውቃሉ፣ ብራይዳም ታውቃለች። ከተራገፈ በሩ ይዘጋል። በሩ ከተዘጋ ድርቆሽ ቤቱ ባዶ፣ በረቱም ባዶ። ያኸን በስተርጅና ላሞቹን ይሸጣል፤ እሷ ወደ ላይ፣ ሆቴሎቹ ወዳሉበት ሄዳ የሰው አንሶላ ታነጥፋለች።

ሰማዩ አጉረመረመ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ከውጭ በጣሪያው ንጣፍ ድንጋይ ላይ ተሰሙ።

«ብራይዳ!» አለ ያኸን። «ፍቺው ልጄ። የእኔ ዘመን እዚህ ላይ ይብቃ። ላሞቹ ይብሉ።»

«አልፈታም!»

«አባትሽ ነኝ የማዝሽ!»

«ሌላ ይዘዙኝ፣ እታዘዛለሁ። ይሄን አልፈታም!»

በሞራ ጎን አልፋ ወደ ድርቆሹ ቤት ገባች፤ ድጅኖ ይዛ ተመለሰችና ጫፉን በሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ ላይ በሙሉ ኃይሏ ሰነዘረችው።

«ምን ማድረግሽ ነው?» አሉ ሲኞራ። «የሰው ቤት ነው!»

«አዳራሹ የእርስዎ ነው ሲኞራ። መንገዱ የእኛ ነው። መንገዴ ላይ ድንጋይ ካገኘሁ አነሳለሁ።»

ድንጋዩ ግን አልተነሳም። ደግማ መታችው፣ አልተነሳም። እጇ ነደደ።

«ከዚያ አይሆንም» አለ ሊናርድ። «ከግድግዳው ጀምሪ። መጨረሻ የገባው ያ ነው፤ ሌሎቹን የያዘው እሱ ነው።»

«ያሠራኸው አንተ ነህ፤ አንተ ታውቃለህ።»

«እኔ ነኝ።» ኮቱን አውልቆ መሬት ላይ ጣለና ከምድጃው ክፍል መዶሻ አመጣ።

«ሊናርድ!» አሉ እናቱ።

«እማዬ፣ መብራቱን ወደዚህ ያዢልን።»

ከግድግዳው ስር የነበረው ድንጋይ ተነሳ፤ ቀጥሎ ያለው በቀላሉ ወጣ። ከስር የተነጠፈውን አሸዋ በእጃቸው ዛቁ፤ የድሮው፣ መንኮራኩር የቦረቦረው ወለል ታየ። ከጋሪው ፊት እስከ ድርቆሹ ቤት ደፍ ድረስ ለግራና ለቀኝ መንኮራኩር ሁለት መስመር መክፈት አለባቸው። ጎን ለጎን ተንበርክከው ሠሩ።

«ለምን ሠራኸው?» አለች ብራይዳ ፊቷን ሳታነሳ። «እንዲህ እንድንጠፋ ነው?»

«ከድሮው ወለል ስር ነፋስ ይገባል። በክረምት እዚህ ቤት ታች የሚኖር ሰው አይችለውም። አሸዋ ከስር፣ ድንጋይ ከላይ ከሆነ ብርዱ ይቆማል።»

«በክረምት እናንተ መቼ ትኖራላችሁ?»

«ዘንድሮ አለሁ።»

ድጅኖው እጇ ላይ ቆመ።

«ትሪየስቴ አልመለስም» አለ። «በመጋቢት ለእማዬ ነገርኳት። አልቅሳ ነው የከረመችው። እሱን ልጽፍልሽ ወረቀት አወጣሁ፣ ብዕሩን ነከርኩ፣ አፈርኩ። ‹እኖራለሁ› የሚል ሰው ከሩቅ አይጽፍም፤ መጥቶ ይኖራል እንጂ። ቤቱን ላዘጋጅና ከዚያ በቀዳዳው ልጠራሽ ነበር ሐሳቤ።» ድንጋይ አነሳና ወደ ጎን ገፋው። «የግድግዳውን ውፍረት ለካሁ። የምድጃውን ጥልቀት ለካሁ። የተጫነ ጋሪ ግን አልለካሁም። በዚህ በር ጋሪ ሲገባ አንድ ቀን አይቼ አላውቅም ብራይዳ። እኛ የምንመጣው ሁልጊዜ ድርቆሹ ከገባ በኋላ ነው። ቤቴ መሃል ምን እንደሚያልፍ ሳላውቅ ነው ሠላሳ ዓመት የሞላኝ።»

«ሙሽራህስ?» አለች። ለመጠየቅ ከድንጋዩ ይልቅ ይህ ከበዳት። «የነጋዴው ልጅ?»

«የትኛው ነጋዴ?» በእውነት ግራ ገብቶት አያት። «የእኔ ሙሽራ አሁን ድጅኖ ይዛ ወለሌን እያፈረሰችብኝ ነው።»

ብራይዳ እያለቀሰች መሆኗን ያወቀችው ብረቱ ላይ ጠብታ ስታይ ነው። ማልቀሱን አላቆመችም፤ ሥራውንም አላቆመችም። «እንግዲያው ፈጠን ብለህ አፍርስ» አለችው።

«ምን እያወራችሁ ነው እዚያ?» አለ ያኸን ከውጭ።

«ዝናቡ እየደበደበህ አንተ ወሬ ትጠይቃለህ?» አለች አክስት ኡርሽላ። «ዝም በል፣ ልስማበት።»

ሁለቱ መስመሮች ደፉ ላይ ሲደርሱ የቀሩት ከመንኮራኩሮቹ ስር ያሉት ሁለት ድንጋዮች ብቻ ነበሩ። ሊናርድ የግራውን በመዶሻ መታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ድንጋዩ ተሰነጠቀ፤ ጋሪው ወደ ግራ ዘመመ፤ ድርቆሹ ተንሻፈፈ። ብራይዳ ትከሻዋን ጭነቱ ላይ አስደገፈች። እሷ ትደግፈዋለች ለማለት ይከብዳል፤ ግን አልተወችውም። ሊናርድ በሆዱ ተስቦ ወደ ቀኙ ገባ። ያኛው በመጀመሪያው ምት ተሰበረ። ጋሪው በአንድ ጊዜ አራት ጣት ወረደ፤ ከላይ ግንዱ ከቅስቱ ተላቀቀ።

«ሞራ! ሂጂ!»

ባዝራዋ አንገቷን ደፍታ ሳበች። መንኮራኩሮቹ በተከፈቱት መስመሮች ሲጥ ሲጥ እያሉ አለፉ፤ የኋለኞቹም ተከተሉ። በሩ ላይ እንደገና ብርሃን ገባ፤ ከብርሃኑ ጋር ያኸን፣ ከጢሙ ውሃ እየተንጠባጠበ። ድርቆሹ አንድ ሰበዝ ሳይወድቅበት ድርቆሽ ቤቱ ገብቶ ቆመ ማለት አይቻልም፤ ጥቂት ወድቋል። ግን አልተራገፈም።

ያኸን የተቆፈረውን ወለል አየ፤ ቅስቱን አየ፤ ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። «ልኬ ትክክል ነበር» አለ።

«ትክክል ነበሩ አባባ።»

«አጎት ያኸን፣ የእኔ ጥፋት ነው» አለ ሊናርድ። ሸሚዙ በአሸዋና በቅባት ተበላሽቷል፤ አንድ ጥፍሩ ይደማል።

ያኸን ጫማውን አየለት። «ዝናቡ ካባራ ነገ ሌላ ጋሪ ይጫናል። በዚህ ጫማ አትመጣም። የእኔን አሮጌ ውሰድ።» ከያኸን አፍ ከዚህ የበለጠ ቡራኬ ወጥቶ አያውቅም፤ አክስት ኡርሽላ አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

ሲኞራ ኦቲሊያ ፋኖሱን እንደያዙ ነበር። ወለሉ የተሠራበትን ሐሳብ አያውቁትም አይባልም፤ ልጃቸው ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን እስከዚያ ሰዓት ድረስ ይተወዋል ብለው ነበር።

«እዚህ ከርመህ ትታመማለህ» አሉት።

«ምድጃ አለ እማዬ።»

«ምድጃ ማንደድ መቼ ታውቃለህ?»

«እኔ አውቃለሁ ሲኞራ» አለች ብራይዳ።

ሲኞራ ረጅም ጊዜ አዩዋት። በእንባና በአሸዋ የጨቀየ ፊቷን፣ የተላጡ መዳፎቿን፣ ከባድ ጫማዋን። ከዚያ ፋኖሱን ዘረጉላት። ብራይዳ ተቀበለች። ለአፍታ የሁለቱም እጅ በአንድ እጀታ ላይ ሆነ፤ የትኛዋ ቀድማ እንደለቀቀች ሁለቱም ኋላ ማስታወስ አልቻሉም።

*

ዝናቡ አራት ቀን ዘነበ፤ ሜዳ ላይ የቀረው ድርቆሽ ግማሹ በሰበሰ። ሊናርድ በያኸን አሮጌ ጫማ እየተደናቀፈ የተረፈውን አብሮ ጫነ። በመስከረም ሲኞራ ኦቲሊያ ብቻቸውን ወደ ትሪየስቴ ወረዱ፤ ሱቁን ለእህታቸው ልጅ አስረክበው ለሠርጉ ተመለሱና ብርዱን እያማረሩ እስከ ፋሲካ ቆዩ። በጥቅምት፣ በረዶው ሳይጥል፣ ሠርጉ ሆነ። ክረምቱ ረጅም ነበር፤ ያኸን በየሳምንቱ ድርቆሽ ቤቱ ገብቶ ራሱን እየነቀነቀ ይወጣ ነበር። ድርቆሹ እንደማይበቃ እርግጠኛ ነበር።

በሚያዝያ መጨረሻ አምስቱም ላሞች በእግራቸው ወደ ግጦሽ ወጡ። በድርቆሹ ቤት ጥግ የተረፈው ድርቆሽ ቁመቱ አንድ ክንድ ከስንዝር ነበር።